ከካምቢዮው እስከ መርፌዋ

የፍጥነት መለኪያዋ መርፌ ጠዋት ጠዋት ደህና ናት። መኪናዋ ከግምጃ ቤት ከተማ ተነስታ፣ እንጅባራን አልፋ ወደ ቻግኒ ስትወርድ ኪሎሜትሩ 40 ሲነዱ 40፣ 60 ሲነዱ 60 ያሳያል። ችግሩ ሲመለሱ ነው። ዳገቱ ከተጀመረ ጥቂት ቆይቶ መርፌዋ ትንቀጠቀጣለች፤ አንዴ ሁለቴ ከፍ ዝቅ ትልና ዜሮ ላይ ትተኛለች። መኪናዋ እየሄደች ጌጁ ቆማለች ይላል። የተጓዘችውን መንገድ የሚቆጥሩት አሃዞችም አብረው ይቆማሉ። መኪናዋ አድራ በማግስቱ ስትነሳ ምንም እንዳልሆነ ሁሉ እንደገና ይሠራል።

ባለመኪናው ዕድሜያቸው ከሃምሳ ያለፈ፣ ጉልምስናቸውን መሪ ላይ የጨረሱ ሰው ናቸው። መኪናዋ እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጨረሻ የተሠራች፣ ማርሿ በእጅ የሚቀየር ቶዮታ ኮሮላ ናት። ኮንትራት ይሠሩባታል፤ ታማሚ ያደርሳሉ፣ ሰርገኛ ያጅባሉ፣ ለጉዳይ ዳንግላ ወይም ቻግኒ የሚሄድ ሰው ይወስዳሉ። ስለ መርፌዋ ራቅ ባለ ከተማ ጠይቀው ያገኙት መልስ አጭር ነበር፤ «ጌጁ ሞቷል፣ ሙሉው ይቀየር» ተባሉ። ይህን ያላቸው ሰው መኪናዋን ክሪክ ላይ አላወጣም፣ ሽቦ አልፈታም፣ ቴስተር አልያዘም። የተጠየቁት ዋጋ የብዙ ሳምንት ገቢያቸው ነበርና ተመልሰው ግምጃ ቤት ወዳለ አንድ ወጣት መካኒክ መጡ። ከዚህ በኋላ የምተርከው እዚያው ጋራዥ ቁጭ ብዬ የተከታተልኩትን ነው።

ኪሎሜትር የማይሠራለት መኪና በአገራችን ብርቅ አይደለም። ብዙ ሾፌር «በሞተሩ ድምፅ አውቀዋለሁ» ብሎ ዓመታት ይነዳል፤ ልምድ ያለው ጆሮም ብዙ ነገር ያውቃል። ዓይን ግን ያታልላል። በፍጥነት ሲጓዝ የቆየ ሰው ፍጥነቱን ይለምደዋል፤ ከረጅም ሜዳ በኋላ ወደ ከተማ ሲገባ 60 ኪሎሜትሩ 40 ይመስለዋል። እንጅባራ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,500 ሜትር የሚበልጥ ከፍታ ላይ ናት፤ ቻግኒ 1,600 ሜትር ገደማ ላይ ትገኛለች። በመካከላቸው አንድ ሺህ ሜትር የሚጠጋ ቁልቁለት አለ። በእንዲህ ያለ መንገድ ላይ፣ ሰው ጭኖ፣ ፍጥነቱን በግምት የሚነዳ መኪና ያሰጋኛል። ጉዳዩን ትንሽ ነው ብዬ ላልፈው ያልቻልኩትም ለዚህ ነው።

መካኒኩ ሥራውን የጀመረው በጥያቄ ነው። ቀድሞ ምን ይነዱ እንደነበር ጠየቃቸው።

«ዲኤክስ ነበረችኝ» አሉት። «የሷ ገመድ ነበር። ሊበጠስ ሲል ይጮሃል፣ መርፌዋ ትዘላለች። እናውቀዋለን።»

«የዚችኛዋ ገመድ የላትም ጋሼ» አላቸው። «ከካምቢዮው የሚነሳው ኤሌክትሪክ ነው።»

በአሮጌዋ ዲኤክስ ከካምቢዮው የሚነሳ፣ በሽፋን ውስጥ የሚሽከረከር የብረት ገመድ እስከ ጌጁ ይደርሳል። ጌጁ ውስጥ ገመዱ ትንሽ ማግኔት ያዞራል። ማግኔቱ መርፌዋ የተተከለችበትን ቀጭን የአሉሚኒየም ሳህን አይነካውም፤ ግን ሲዞር በሳህኑ ውስጥ ኤሌክትሪክ ያስነሳል፣ ያ ኤሌክትሪክ የራሱን መግነጢስ ይፈጥርና ሳህኑ ማግኔቱን ሊከተል ይፈልጋል። ቀጭን ጥቅል ስፕሪንግ ደግሞ ወደ ኋላ ይይዘዋል። ሁለቱ ኃይሎች የሚመጣጠኑበት ቦታ ፍጥነቱ ነው። ይህን ያሰበው ጀርመናዊው ኦቶ ሹልዘ ነው፤ የፈጠራ መብቱን ያስመዘገበው እ.ኤ.አ. በ1902 ነበር። ከዚያ ወዲህ የዓለም መኪና ለሰማንያ ዓመት ያህል ፍጥነቱን የለካው በአመዛኙ በዚህ ዘዴ ነው።

በኋለኞቹ መኪኖች ገመዱ ቀርቷል። ካምቢዮው ላይ፣ ድሮ ገመዱ ይገባበት የነበረው ቀዳዳ ውስጥ፣ አውራ ጣት የምታክል ሴንሰር ተተክላለች። ጫፏ ላይ ያለችው የፕላስቲክ ጥርስ ከካምቢዮው ጋር ትዞራለች፤ ውስጧ ያለው ማግኔት አብሮ ይዞራል፤ ማግኔቱን የሚያየው ቺፕ በአንድ ዙር አራት ጊዜ የኤሌክትሪክ ምት ይልካል። ጃፓኖች ይህን በደንብ አስተካክለውታል፤ በእነሱ መለኪያ የጌጅ ዘንግ በአንድ ኪሎሜትር 637 ጊዜ ይዞራል። በአራት ሲባዛ 2,548 ምት ይሆናል። እንግዲህ በየ39 ሳንቲሜትሩ መንገድ አንድ ምት ወደ ጌጁ ይሄዳል ማለት ነው። በ60 ኪሎሜትር ፍጥነት ሲነዱ በሴኮንድ 42 ምት ይደርሰዋል። ጌጁ የሚሠራው ይህን መቁጠር ብቻ ነው።

ስለዚህ መርፌዋ ስትወድቅ ተጠርጣሪዎቹ ብዙ ናቸው። የፕላስቲክ ጥርሷ ተበልታ ይሆናል። ሴንሰሩ ሞቶ ይሆናል። ኤሌክትሪክ የሚያመጣለት ሽቦ ወይም ፊውዝ ተቋርጦ ይሆናል። ምቱን የሚወስደው ሽቦ የሆነ ቦታ ተፍቆ ይሆናል። ጌጁም ራሱ ሊሆን ይችላል። ከነዚህ ውስጥ እጅግ ውዱ የመጨረሻው ነው፤ ባለመኪናው እንዲገዙ የተነገራቸውም እሱኑ ነበር።

መካኒኩ ኮፈኑን ከፈተ። በቶዮታ መኪኖች ሞተር ክፍል ውስጥ ክዳኗ ላይ ስሟ የተጻፈ አንዲት ትንሽ ጥቁር ሳጥን አለች። ክዳኗን አንስቶ ከውስጥ ከተደረደሩት ጉድጓዶች «ቲኢ1» እና «ኢ1» የተባሉትን በአጭር ሽቦ አገናኘ፤ ከመሰካቱ በፊት የክዳኑን ጽሑፍ ሁለቴ አነበበ፣ ሌላ ጉድጓድ ውስጥ የገባ ሽቦ ጉዳት ያመጣልና። ቁልፉን አዞረ፣ ሞተሩን ግን አላስነሳም። ዳሽቦርዱ ላይ የቼክ ኢንጂን መብራት ብልጭ ድርግም ማለት ጀመረ። አራት ጊዜ። ትንሽ ዝም። ሁለት ጊዜ። ረዘም ያለ ዝምታ፣ ከዚያ እንደገና አራት፣ ሁለት።

42 ማለት ነው፤ በቶዮታ ቋንቋ የፍጥነት ምልክት አልደረሰኝም ማለት ነው። የሞተሩ ኮምፒውተር ሞተሩ በጉልበት እየሠራ መኪናዋ ዜሮ ላይ ናት ሲባል አላምንም ብሎ መዝግቦታል። ኮምፒውተርና መመርመሪያ መሣሪያ የሌለው ጋራዥ በአንድ ቁራጭ ሽቦ ይህን ያህል ማወቅ መቻሉ ደስ አሰኝቶኛል። እንዲህ ያለውን ነገር ማወቅ የብዙ ሺህ ብር መሣሪያ ይተካል።

ባለመኪናው ወዲያው «እንግዲያ ሴንሰሩ ነዋ!» አሉ። ወጣቱ ራሱን ነቀነቀ። በዚህች ኮሮላ ምቱ ወደ ኮምፒውተሩ የሚደርሰው በጌጁ በኩል አልፎ ነው። ጌጁ ቢበላሽም ኮምፒውተሩ ያው 42 ይላል። 42 ሕመሙን እንጂ ሕመምተኛውን አይናገርም።

ጌጁን ለመለየት ያደረገውን ነገር ከዚያ በፊት አይቼው አላውቅም። ከካምቢዮው ላይ የሴንሰሩን ሶኬት ነቀለ። ሦስት ሽቦ አለው። በቴስተር እያንዳንዱን ለካ፤ አንዱ ላይ ቁልፉ ሲከፈት 12 ቮልት ገደማ አለ፣ አንዱ ከመኪናዋ አካል ጋር የተያያዘ ነው፣ ሦስተኛው ላይ ከጌጁ የሚመጣ ጥቂት ቮልት አለ። የሚፈልገው ሦስተኛውን ነው። ያን ሽቦ በየተወሰነ ጊዜ ወደ መሬት፣ ማለትም ወደ መኪናዋ አካል፣ ቢያስነኩት ጌጁ ከሴንሰሩ ምት የመጣለት ይመስለዋል። የ12 ቮልቱን ሽቦ ተሳስቶ ቢያስነካ ግን ፊውዙ ይቃጠላል፤ ስለዚህ በአረንጓዴ ቴፕ ጠቀለለውና ወደ ጎን አደረገው።

በሴኮንድ 42 ጊዜ በእጅ ማስነካት አይቻልም። መካኒኩ ከመሣሪያ ሳጥኑ ሞረድ አወጣ። ሞረዱን በሽቦ ከመኪናዋ አካል ጋር አሠረ። ከሦስተኛው መስመር የቀጠለውን ቀጭን ሽቦ ጫፍ ይዞ «ጋሼ፣ መርፌዋን ይዩልኝ» አለና በሞረዱ ጥርሶች ላይ ሳብ አደረገው። ሽቦው በየጥርሱ ላይ ይነካል፣ ይለቃል፣ ይነካል፣ ይለቃል።

«ዘለለች!» አሉ ከውስጥ። «ሃምሳ… ስልሳ አለፈች!»

ክሪክ ላይ ያልወጣች፣ ጎማዋ ያልተንቀሳቀሰ መኪና በ60 ኪሎሜትር ትሄዳለች ተባለ። ደገመው፣ ዝግ ብሎ ሲስብ መርፌዋ ዝግ ብላ ወጣች፣ ፈጠን ሲል ፈጠነች። ጌጁ ደህና ነው። ከካምቢዮው እስከ ጌጁ ያለው ሽቦም ቢያንስ በዚያች ሰዓት ደህና ነው። ውድ የሆነው ተጠርጣሪ በአንድ ሞረድ ነጻ ወጣ። ባለመኪናው ከመኪናዋ ወርደው ምንም ሳይናገሩ የልጁን ትከሻ መታ መታ አደረጉ።

አሁን ሴንሰሩ ቀረ። የኋላ ጎማዎች ሥር ድንጋይ ተደረገ፣ የፊቱ በክሪክ ተነስቶ በጠንካራ እንጨት ተደገፈ። ሴንሰሩን የያዘችው አንዲት ባለ አስር ቁልፍ ብሎን ብቻ ናት። ፈታትና ሴንሰሩን ቀስ ብሎ እያወዛወዘ አወጣው። የፕላስቲክ ጥርሷ ሙሉ ናት፤ አልተበላችም። ኦሪንጉ ትንሽ ደርቋል፣ ዙሪያው ላይ የካምቢዮ ዘይት ላብ ይታያል። ያን ልብ አለው፣ ግን ያን ያህል አላሳሰበውም።

ቀጥሎ በጠረጴዛ ላይ ሴንሰሩን ከባትሪ ጋር አገናኘ። ቴስተሩን ሦስተኛው እግር ላይ አድርጎ ጥርሷን በጣቱ ቀስ ብሎ አዞረ። ጤነኛ ሴንሰር በአንድ ዙር አራት ጊዜ ከዜሮ ወደ 11 ቮልትና ከዚያ በላይ ይወጣል፣ ይወርዳል። ወጣ፣ ወረደ። ወጣ፣ ወረደ። አራት። እንደገና አራት። ስንት ጊዜ ቢያዞረው አራት።

ሴንሰሩም ደህና ነው!

ጋራዡ ውስጥ ዝምታ ሆነ። ጌጁ ደህና፣ ሽቦው ደህና፣ 12 ቮልቱ ደህና፣ ጥርሷ ደህና፣ ሴንሰሩ ደህና፤ መርፌዋ ግን በየቀኑ ትወድቃለች። ብዙ መካኒክ ተስፋ ቆርጦ «እንግዲህ እየቀየርን እንየው» የሚለው እዚህ ላይ ነው። ወጣቱ ሴንሰሩን እያገላበጠ ቁጭ አለ።

እሱ በሚያስብበት ጊዜ እኔ ስለዚያች ቺፕ የማውቀውን ላንሳ። እ.ኤ.አ. በ1879 ባልቲሞር በሚገኘው የጆንስ ሆፕኪንስ ዩኒቨርሲቲ ኤድዊን ሆል የተባለ ተማሪ የማክስዌልን ትልቅ መጽሐፍ ሲያነብ አንድ ዓረፍተ ነገር አላሳምነው አለ። ማክስዌል ማግኔት የሚገፋው ኤሌክትሪክ ያለበትን ሽቦ እንጂ በውስጡ የሚፈሰውን ኤሌክትሪክ አይደለም ይል ነበር። ሆል ማግኔቱ የሚገፋው ፈሳሹን ከሆነ ኤሌክትሪኩ ወደ ሽቦው አንድ ጎን መሸሽ አለበት ብሎ አሰበ። ሞከረ፤ ምንም አላገኘም። አስተማሪው ሄንሪ ሮውላንድም ከሱ በፊት ተመሳሳይ ነገር ሞክሮ አልተሳካለትም ነበር። በኋላ በሮውላንድ ምክር ወፍራሙን ብረት ትቶ መስታወት ላይ የተለጠፈ እጅግ ስስ የወርቅ ቅጠል ወሰደ። ኦክቶበር 28 ቀን ማግኔቱን ሲያበራ ከወርቁ ጎንና ጎን የተያያዘው መለኪያ ተንቀሳቀሰ። ኤሌክትሮን የሚባለው ነገር ከመታወቁ 18 ዓመት በፊት መሆኑ ነው። ክስተቱ ሁልጊዜም ነበረ፤ በወፍራሙ ብረት ላይ ግን በጊዜው መለኪያ ሊታይ የማይችል ኢምንት ነበር።

ዛሬ ብዙ መኪኖች ላይ ያሉ የፍጥነት ሴንሰሮች የሚሠሩት በሆል ግኝት ነው። ሌሎቹ፣ ብዙ ቶዮታዎችን ጨምሮ፣ የሚጠቀሙት የቅርብ ዘመዱን ነው፤ ብረት በማግኔት አጠገብ ሲሆን ኤሌክትሪክ የማሳለፍ ችሎታው እንደሚለወጥ ዊልያም ቶምሰን፣ በኋላ ሎርድ ኬልቪን የተባለው፣ እ.ኤ.አ. በ1856 ስኮትላንድ ውስጥ ደርሶበታል። ሁለቱም መንገዶች በአንድ ነገር ይመሳሰላሉ፤ ምልክታቸው እጅግ ደካማ ስለሆነ የሚያጎላ ሌላ ትንሽ ወረዳ አብሯቸው ይቀመጣል። ይህ ሁሉ የሚገኘው ሙቅ ዘይት ያለበት ካምቢዮ ላይ በተሰካች የፕላስቲክ ቤት ውስጥ ነው።

ወጣቱ ራሱን ቀና አደረገ። «ጋሼ፣ ኪሎሜትር ይመዘግባሉ?»

ይመዘግባሉ። የነዳጅ ሂሳብ ለመያዝ በትንሽ ደብተር ሲወጡና ሲመለሱ ያለውን ቁጥር ይጽፋሉ። ደብተሩ ከመኪናዋ መጣ። ልጁ ገጾቹን ገለጠ። ወደ ቻግኒ ሲሄዱ ቆጣሪው የመንገዱን ርቀት እንዳለ ይቆጥራል። ሲመለሱ ያንኑ መንገድ ከግማሽ በታች ቆጥሮ ይቆማል። አንዳንድ ቀን ቻግኒ አድረው በማለዳ የተመለሱ ጊዜ ደግሞ ከወትሮው የበለጠ ቆጥሯል። ወደ ዳንግላ የሄዱበት ቀን፣ ዝናብ በነበረበት ወቅት፣ ጉዞውን በሙሉ ቆጥሯል።

ባለመኪናው ለነዳጅ ብለው የጻፉት ደብተር ማንም መሣሪያ ያልተናገረውን ተናገረ። ሲሄዱ ማለዳ ነው፣ ካምቢዮው ቀዝቃዛ ነው፣ መንገዱም ቁልቁለት ስለሆነ ሞተሩ አይደክምም። ሲመለሱ ቀትር ነው፣ ቆላው ሞቋል፣ መኪናዋ ሰው ጭና አንድ ሺህ ሜትር ሽቅብ ትወጣለች። ካምቢዮው ውስጥ ያለው ዘይት የሚግለው ያኔ ነው። እነሱ ግን ሴንሰሩን የመረመሩት በግምጃ ቤት ጠዋት፣ ጣት በሚያደነዝዝ ብርድ፣ ጠረጴዛ ላይ ነበር።

«ሲሞቅ ነው የሚጠፋው» አለ ልጁ።

ከጎረቤት ሻይ ቤት በብርጭቆ የፈላ ውሃ ተለመነ። በዚያ ከፍታ ውሃ የሚፈላው በ100 ዲግሪ አይደለም፣ በ92 ዲግሪ አካባቢ ነው፤ የጋለ ካምቢዮን ሙቀት ለመተካት ግን አያንስም። ሴንሰሩን ውሃ እንዳያስገባ በፌስታል ሁለቴ ጠቅልሎ፣ የሽቦ እግሮቹን ወደ ላይ አውጥቶ አሠረው፤ ብርጭቆው ውስጥ ነከረው። ባለመኪናው ሰዓታቸውን አዩ። ልጁ ከመንከሩ በፊት ሽቦዎቹን እየጎተተና እያጣመመ የመለኪያውን ቁጥር አይቷል፤ ምቱ የሚጠፋው በሽቦዎቹ እንቅስቃሴ ምክንያት እንዳልሆነ እርግጠኛ መሆን ፈልጎ ነው።

ጥቂት ደቂቃ ቆይቶ አወጣው፣ ፌስታሉን ቀዶ ጥርሷን በጨርቅ ይዞ አዞረ። መለኪያው አልተንቀሳቀሰም። አንድ ዙር፣ ሁለት ዙር፣ አምስት ዙር፤ ቁጥሩ እንዳለ ቆመ። ሁላችንም አጎንብሰን እናያለን። ከዚያ ሴንሰሩ ቀዝቃዛ ድንጋይ ላይ ተቀመጠ። እየቀዘቀዘ ሲሄድ ልጁ በየመሐሉ ያዞረዋል፤ መጀመሪያ አንድ ምት ብቅ አለች፣ ቀጥሎ ሁለት፣ በኋላ አራቱም ተመለሱ። አንድ ጊዜ ያዩት ነገር በአጋጣሚ ሊሆን ይችላል ብሎ እንደገና ውሃ አስመጣና ደገመው። እንደገና ጠፋ፣ እንደገና ተመለሰ።

ባለመኪናው «ልጄ፣ ይሄን ያስተማረህ ይባረክ» አሉት።

የቀረው መለወጥ ነው፤ እሱም ቢሆን ያለ ምርመራ የሚሠራ አልነበረም። አዲስ ኦሪጅናል በአቅራቢያ አልተገኘም። አዲስ አበባ ሶማሌ ተራ ያለ ዘመድ ያገለገለች አንዷን አገኘና በመኪና ላካት። ቤቷም ሶኬቷም ያው ነው፤ ካምቢዮው ውስጥ ልክ ትገባለች። ልጁ ግን ከመትከሉ በፊት የፕላስቲክ ጥርሶቹን ቆጠረ። የአሮጌዋ 29 ነው። የመጣችው 33 ሆነች።

ይህ ትንሽ የሚመስል ልዩነት አደገኛ ነው። ብዙ ጥርስ ያላት ዘንግ ለዚያው መንገድ ዝግ ብላ ትዞራለች፤ ዝግ ብላ ስትዞር ያነሰ ምት ትልካለች። 29ን ለ33 ሲያካፍሉት 0.88 ገደማ ይመጣል። መኪናዋ በእውነት 60 ስትሄድ ጌጁ 53 ያሳያል፣ 80 ስትሄድ 70 ያሳያል። ሾፌሩ ቁጥሩን አምኖ ፍጥነቱን ይጨምራል። መርፌ ዜሮ ላይ ስትተኛ ሰው ይጠነቀቃል፤ ሠርታ ስትዋሽ ግን ማንም አይጠረጥራትም። ለሕዝብ ማመላለሻ መኪኖች የሚገጠም የፍጥነት መገደቢያም ብዙ ጊዜ የሚያነበው ይህንኑ የሴንሰር ምት ስለሆነ ጥርሱ ከተሳሳተ እሱም አብሮ ይሳሳታል። ያገለገለ መለዋወጫ የሚገዛ ሰው ጥርስ ቆጥሮ ይግዛ እላለሁ።

መፍትሔው ቀላል ነበር። የፕላስቲክ ጥርሷን የምትይዘው አንዲት ትንሽ ቅንጥብ ናት። ከአሮጌው ሴንሰር ላይ ባለ 29ኙን ፈትቶ ወደ ተላከው አዛወረ። ኦሪንጉን በአዲስ ተካ፣ በካምቢዮ ዘይት አራሰው፣ ሴንሰሩን በቦታው ገፋ፣ ብሎኑን ብዙ ሳያጠብቅ በልኩ አሠረ፤ ቤቱ ፕላስቲክ ነውና ከመጠን በላይ የታሠረ ይሰነጠቃል። ከመትከሉ በፊት ደግሞ ይህኛውንም በፈላ ውሃ ፈትኖታል። ሞቆም አራት ምት ይልካል። የተቀመጠውን 42 ለማጥፋት የሞተሩን ኮምፒውተር ፊውዝ ለጥቂት ጊዜ ነቅሎ መለሰ።

አሮጌውን ሴንሰር ባለመኪናው ሊጥሉት ሲሉ ልጁ ለመናቸውና በቢላዋ ቤቱን ከፈተው። በስልኩ ካሜራ አጉልቶ አየ። ከሦስቱ እግሮች አንዷ ከውስጡ ሰሌዳ ጋር በምትገናኝበት ቦታ፣ ብየዳው ዙሪያ፣ ጸጉር የምታክል ቀለበት መሰል ስንጥቅ አለች። ብረትና ፕላስቲክ ሲሞቁ የሚለጠጡት እኩል አይደለም። በየቀኑ መሞቅና መቀዝቀዝ ያችን ብየዳ ለዓመታት ሲስባትና ሲለቃት ኖሯል። ቀዝቃዛ ሲሆን ሁለቱ ከንፈሮች ይነካካሉ፣ ኤሌክትሪክ ያልፋል፤ ሲሞቅ ይለያያሉ። ቺፕዋ ራሷ ከነማግኔቷ ጤነኛ ነበረች። ልጁ ስንጥቋን በይዶ አስተካከላት፤ በፈላ ውሃ ፈትኗት አለፈች። ለክፉ ቀን መጠባበቂያ ትሁን ብሎ በጨርቅ ጠቅልሎ ለባለመኪናው ሰጣቸው፣ ጥርስ እንደሌላት ጨርቁ ላይ ጻፈ።

የመጨረሻው ፈተና መንገዱ ነው። ወደ ቻግኒ ወርደው፣ ቀትር ላይ ሰው ጭነው ተመለሱ። አንድ ተሳፋሪ የስልኩን ጂፒኤስ ከፍቶ ፍጥነቱን እያነበበ ይናገራል። ዳገቱ ላይ መርፌዋ አልወደቀችም። ባለመኪናው ግን ሲመለሱ አንድ ነገር ቅር ብሏቸው ነበር፤ ጌጁ 60 ሲል ስልኩ 57 ይላል።

«ይሄማ አልተስተካከለም» አሉ።

«ሲሠሩትም እንዲህ ነው ጋሼ» አላቸው ልጁ። ትክክል ነው። ብዙ አገሮች በሚከተሉት የተባበሩት መንግሥታት የተሽከርካሪ ደንብ መሠረት የመኪና ጌጅ ከእውነተኛው ፍጥነት አሳንሶ ማሳየት ፈጽሞ አይፈቀድለትም፤ አስበልጦ ማሳየት ግን እስከ አንድ ገደብ ይፈቀድለታል፤ የእውነተኛው ፍጥነት አንድ አሥረኛና ተጨማሪ 4 ኪሎሜትር። በ57 ላይ እስከ 66 ድረስ ቢያሳይ እንኳ ከደንቡ አልወጣም። ስለዚህ ፋብሪካዎች ሆን ብለው ትንሽ ከፍ ያደርጉታል፤ ጎማ ሲለወጥ ወደ አደገኛው ጎን እንዳይሳሳት።

ባለመኪናው ይህን ሰምተው እፎይ አሉ። ልጁ ግን ደብተሩን መልሶ ጠየቀና ገጾቹን እየቆጠረ ሌላ ሂሳብ ጀመረ። መርፌዋ ስትወድቅ ቆጣሪውም ይቆም ስለነበር ለወራት የተጓዙት የዳገት መንገድ አብዛኛው አልተመዘገበም። የሞተር ዘይት የሚቀይሩት ደግሞ በቆጣሪው ነው። በቁጥሩ ገና ብዙ ይቀራቸዋል፤ በመንገዱ ግን ጊዜው ካለፈ ቆይቷል። የዘይት መለኪያ ዘንጉን ስቦ በጨርቅ ጠርጎ አሳያቸው፤ ዘይቱ ጠቁሯል፣ ከልኩም ጎድሏል።

«ዛሬውኑ ይቀየር» አሉ። መኪናዋ እንደገና ክሪክ ላይ ወጣች፣ አሮጌው ዘይት ወደ ጄሪካን ተቀዳ፣ ፊልትሮው ተለወጠ። ልጁ አዲሱ ዘይት የገባበትን የቆጣሪ ቁጥር በወረቀት ጽፎ ኮፈኑ ውስጥ ለጠፈ፤ ባለመኪናውም ያንኑ ቁጥር በደብተራቸው ላይ ከሥሩ አስምረው ጻፉ።